የማይቆጠረው ጎል

መስታወት ቆራጩ ቃሉን የሰጠው ሐሙስ፣ እራት ተበልቶ ሳህን ሲታጠብ ነው። በቤታቸው ሳህን የሚታጠበው በሁለት ሰው ነበር፤ ሚስቱ ታጥባለች፣ እሱ በፎጣ ያደርቃል። በተኮራረፉበት ሳምንት እንኳ ይህ ልማድ ቀርቶ አያውቅም። እንዲያውም ከባድ ከባዱን ነገር የሚነጋገሩት እዚያ ነው፤ እጅ ሥራ ከያዘ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ አይሆንምና።

«እህቴ ደውላ ነበር» አለችው።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እሷ የምትሠራበት ላውንደሪ የካውያ ክፍሉ ኃላፊ ለቃለች አለችኝ።» አንድ ሳህን አቀበለችው። «ነይና ያዢው አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።»

ሳህኑን ጠረገ። ደርቆ ሳለም ደግሞ ጠረገው። እህትየዋ ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ የሙሉ ቀን መንገድ ነው።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ከእኔ ጋር ነች። ትምህርት ቤት ሳይከፈት መድረስ አለብን።»

«እኔስ?» ሊል ፈልጎ ተወው። «አንተም ና» እንደማትለው ያውቃል፤ ብትለው ደግሞ እንደማይሄድ እሷም ታውቃለች። ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ የማይልበት ምክንያት ለሁለቱም ግልጽ ነው። ይህን ቀን ሲፈራው ነው የከረመው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ደረሰ።

«ካንተ ጋር ጠብ የለኝም» አለች ሚስቱ ድስቱን እየፈተገች። «ጠብማ ቢኖረን በተሻለኝ ነበር። ተጣልተን እንታረቅ ነበር።»

«እና ምን አጠፋሁ?»

 ድስቱን አለቅልቃ ገለበጠችው፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ልማዷ ሳይሆን፣ ፊቱን ቀና ብላ አየችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሱን ካደረግክልኝ ቅዳሜ ማታ ለእህቴ እደውልና ሐሳቤን ለውጫለሁ እላታለሁ። ስድቧን እችላለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ ስንጫወት ልጅቷ ኳሷን ካገባች፣ ጎል ነው በላት።»

ለሌላ ሰው ቢነግሩት ይስቅ ይሆናል። አንድ ትዳር በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያችውም ቃል ሕፃን ሁሉ በየመንገዱ የሚጮኻት። እሱ ግን አልሳቀም። ፎጣውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። የበኩሩ ወንድ ልጃቸው በረኛ ነበር። ኳስ እጁ ላይ ከደረሰች አትላቀቅም፤ ስለዚህ ጓደኞቹ ሙጫ አሉት፣ ስሙም ቤት ድረስ ተከትሎት ገባ። እናቱ ከወጥ ቤት ሆና «ሙጫ!» ብላ ሽንኩርትም ይሁን ሳሙና ወርወር ስታደርግ ሳያይ ይቀልባል። ታናሽ እህቱ ደግሞ ከኳስ ጋር ስትጣበቅ የሚያስለቅቃት ስለሌለ ጉንዳን ተባለች። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምቱ ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አራቱም ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወርዱና ሁለት ለሁለት ይጫወታሉ። አባትና ሙጫ በአንድ ወገን፣ እናትና ጉንዳን በሌላ ወገን። የእናትየው ጎል ከቤት ተሞልተው በሚመጡ ሁለት ጀሪካኖች መካከል ነው። የሙጫ ጎል በዛገው የብረት ምሰሶና በተቆረጠው የዛፍ ግንድ መካከል ነበር።

ከዚያ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነው ተባለ። በሳምንቱ ቀበሩት።

ሐዘንተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ኳሷን አንሥታ በር ላይ የቆመችው ጉንዳን ናት። ያኔ ጥርሷ ገና እየተነቀለ ነበር። ቤት ተቀምጦ መተያየቱም ስለከበዳቸው ተከተሏት። ሜዳው ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ሳይነጋገሩ ልጅቷ ኳሷን ወደ ባዶው ጎል ለጋቻት። ኳሷ ቀስ ብላ ተንከባላ በምሰሶውና በግንዱ መካከል አለፈች። ሦስቱም ደርቀው ቀሩ። ጎል ነው እንዳይባል፣ በማን ላይ ነው የገባው? እናትየው ያን ጊዜ፣ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣ «ያዘው!» አለች። «ሙጫ አይደል እንዴ፣ ያዘው!»

ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቷ እስክትንከባለል ሳቀች። አባትየው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ የት ላይ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አንዳቸውም አላወቁም፤ ግን የቆየ እሾህ ከእግር እንደመውጣት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ደገሙት። በሚቀጥለውም። ከዚያ በኋላ በሙጫ ጎል የሚገባ ኳስ ሁሉ የተያዘ ሆነ፤ ሕግ ሆኖ ቀረ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ የጉንዳን እግር ጠነከረ፣ ምቷም ሰላ። ኳሶቿ ሁሉ ግን ተያዙባት።

«ያመጣሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለ መስታወት ቆራጩ።

«እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ነበር ያመጣሁት።»

«ልጅቷ ደስ ይላታል።»

«ደስ ይላታል?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ባለፈው ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ቆሜ አየኋት። ሁሉንም አልፋ ባዶ ጎል ፊት ደረሰች። በረኛው እንኳ ወጥቷል። ቆመች። አልመታችም፤ ቆመች። መጥተው ቀምተዋት ሄዱ። ለምን አልመታሽም ብላት ‹ይያዛል› አለችኝ። ማን ነው የሚይዘው? ማንም አልነበረም እኮ።»

ከጓሮው በኩል ልጅቷ ኳሷን ከግድግዳው ጋር ስታጋጭ ይሰማል፤ ደው፣ ደው፣ ደው።

«እሺ» አለ።

«ማልልኝ አልልህም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። እላታለሁ።»

አርብ ዕለት ሱቁ ቀዝቅዞ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መስታወቶቹ በእንጨት መደርደሪያ ላይ በጎናቸው ቆመዋል፤ ጠረጴዛው አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ አየሩ ስቱኮና ነጭ ጋዝ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ፊሽካ መጡ። ሽማግሌው በጉልምስናቸው የሰፈሩን ጨዋታ ሁሉ የሚዳኙ ስለነበሩ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው በየቅዳሜው ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማየት ብቻ ነው የቀራቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ የመስታወት ስባሪ ይዘው ነበር።

«የወጥ ቤቴ ነው። የልጅ ልጆቼ ናቸው በኳስ የሰበሩት። እግራችሁ ይሰበር ልላቸው ብዬ፣ ምቷ የመጣችበትን ርቀት ሳይ ደስ አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ብለው ነው እኔ የምበላው።»

«ብላ፣ ብላ። ደግሞ እንዲሰብሩ እመክራቸዋለሁ።»

ስባሪውን ለካ። አዲስ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ማስመሪያውን አስተካክሎ የመቁረጫውን ጫፍ ነጭ ጋዝ አስነካና ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ሳበው፤ ሲጥጥጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። መስታወት ላይ መስመር የሚሰመረው አንድ ጊዜ ነው። የተሰመረው ላይ ደግመው ከሄዱበት ስለቱም ይዶለዱማል፣ መስታወቱም በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስጠግቶ ቀጭ አደረገው።

«ነገ ትወርዳላችሁ?» አሉት ሽማግሌው።

«እንወርዳለን።»

«ለመሆኑ አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምትሸነፈው? ስንት ቡድን ዳኝቻለሁ፣ እንዳንተ ያለ ግን አላየሁም። ጎል የሚባል ነገር የማይገባበት።» እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ግን እሳቸውም አልሳቁም።

«ነገ ይገባብናል» አለ መስታወት ቆራጩ። ለማንም ሊነግር አላሰበም ነበር። ቢሆንም ሐሙስ የተባባሉትን ሁሉ፣ መስታወቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ ነገራቸው።

ፊሽካ ጥቅሉን ተቀበሉት። «ሚስትህ ጨዋ ሴት ናት» አሉ። «የጠየቀችህም ትንሽ ነገር ናት።»

«ትንሽ ናት።»

«አፍህ እምቢ ካለህ በእጅህ አድርገው። ዳኛ ጎል ሲሆን ይጮሃል እንዴ? እጁን ወደ መሀል ሜዳ ይዘረጋል፣ አለቀ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስዳኝ ጎል የሚል ቃል አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።» ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጣታቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሲወጡ መስታወት ቆራጩ ብቻውን ቀረ። ግራ ቀኙን አየና እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። መልሶ አወረደው። ደግሞ ዘረጋው። በዚያው ቅጽበት በበሩ የምታልፍ ሴት ቆም ብላ፦

«አቤት? እኔን ነው?» አለችው።

«አይ፣ አይ። አንቺን አይደለም።»

ሴትየዋ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አንገቷን አስግጋ አይታ፣ ማንንም ብታጣ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያለ ቀን አለ፤ ሣሩ ገና እርጥብ፣ ፀሐዩ ግን ጀርባ የሚያሞቅ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ በዛበት። እናትየው እንቁላል ቀቀለች፣ ዳቦ ቆራረጠች፣ ሻይ በፔርሙስ አደረገች። ጉንዳን የብስክሌት መንፊያውን በጉልበቷ መሀል አቁማ፣ መርፌውን በምራቋ አርሳ ኳሷን ነፋች። አባትየው ጀሪካኖቹን ሞላ።

«አባዬ፣ ዛሬ ሆድህን እቤት ትተኸው ብትመጣ ምናለ?» አለችው ልጅቷ፣ ጠባብ የስፖርት ሹራቡን ሲጎትት አይታ።

«ሆዴማ ተከላካዬ ነው።»

«ቀይ ካርድ ነው የሚገባው» አለች እናትየው ከወጥ ቤት፤ ሦስቱም ሳቁ። መስታወት ቆራጩ ሚስቱ ስትስቅ ከሰማ መሰንበቱን ያን ጊዜ አስተዋለ። ልቡ ሞላ። ዛሬ ይሆናል አለ ለራሱ። ዛሬ ቀላል ነው።

ሜዳው ላይ ፊሽካ ድንጋያቸው ላይ ቀድመው ደርሰዋል። ጨዋታው ተጀመረ፤ እውነትም መልካም ጨዋታ ነበር። አባትየው ልጅቷን አልፌ እሄዳለሁ ብሎ በእርጥቡ ሣር ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ። እናትየው ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ስትሮጥ ካልሲዋ ወልቆ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ጉንዳን ኳሱን ትታ ካልሲውን ይዛ ጎሉ ድረስ ሮጠች።

«ይሄስ ይቆጠራል?» እያለች።

«የሸተተ ጎል አይቆጠርም» አሉ ፊሽካ ከድንጋያቸው።

አባትየው በጀሪካኖቹ መካከል አንድ አገባ። ሚስቱ እጇን አንሥታ «ጎል ነው፣ ገብቶብኛል» አለች፤ ይህን ስትል ግን ባሏን አየችው። እሱም አየት አደረጋትና ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። አልረሳሁም ማለቱ ነው።

ጉንዳን ኳሷን ከእናቷ ተቀብላ የመጣችው ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ስትሆን ነው። አባቷ ሊቀማት ወጣ። ልጅቷ ወደ ግራ ልትሄድ መሰለች፤ እሱም ወደ ግራ ተወረወረ፤ እሷ በቀኝ አለፈችው። ሊዞር ሲል እግሩ ከዳውና በደረቱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ስለዚህ ያችን ምት ያያት ከመሬት ነው። ልጅቷ አልቆመችም። ቀና ብላ አይታ፣ በሙሉ እግሯ ለጋቻት። ኳሷ ከወገብ ከፍታ ሳትወርድ፣ ሳትሽከረከር፣ በምሰሶውና በግንዱ ልክ መሀል አልፋ ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እንደዚያ ያለ ምት የምትመታ ልጅ እንዳለው አያውቅም ነበር።

 ሚስቱ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ቆማለች። የፊሽካ ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ትንሽ ተነሥቶ፣ የእሳቸው ድርሻ አለመሆኑ ትዝ ብሏቸው ተመለሰ።

መስታወት ቆራጩ በጉልበቱ ተነሣ። ልጁ እዚያ እንደሌለ ያውቃል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ያውቃል፣ አፈር ያለበሰው እሱ ነውና። አልጋው ለዘመድ ተሰጥቷል። ልብሱ ተበትኗል። የስልክ ቁጥሩን ሌላ ሰው ወስዶታል፤ አንድ ቀን ቢደውል የማያውቀው ጎልማሳ «ማን ልበል?» ብሎታል። ፎቶግራፎቹ ላይ ያለው ልጅ ዛሬም ትናንት የሠራውን ነው የሚሠራው። በዚህ ዓለም ላይ ሙጫ አዲስ ነገር የሚያደርግበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ በዚህ ምሰሶና በዚያ ግንድ መካከል። በየቅዳሜው አዲስ ኳስ ይመጣበታል፣ እሱም አዲስ ኳስ ይይዛል። ጎል ነው ከተባለ ልጁ ከዛሬ ጀምሮ ምንም የማያደርግ ልጅ ይሆናል።

አፉን ከፈተ። ቃሏ አልወጣችለትም። እጁን አነሣ፤ ክንዱ እስከ ደረቱ ድረስ ተነሥቶ እዚያ ቆመ።

ጉንዳን አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ኳሷ የገባችበትን ቁጥቋጦ እንኳ አላየችም። የምታየው የአባቷን ፊት ነው። ሰማይ ሊዘንብ ነው ወይስ አይዘንብም ብሎ እንደሚያይ ሰው፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ረጋ ብላ አየችው።

«ያዘው» አለች ቀስ ብላ።

 ከዚያ ከፍ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ «ያዘው አባዬ። ምን ዓይነት ልጅ ነው!» አለች።

አይደለም፣ ገብቷል ማለት ይችል ነበር። ጊዜ ነበረው። እሱ ግን ትንፋሹ ወጣ፣ ትከሻው ወረደ፣ ክንዱም በጎኑ ተንጠለጠለ። ቀለለው። ለራሱም የታወቀው በኋላ ነው፤ ሚስቱ ግን ሲቀለው ከዚያ ማዶ ሆና አየች።

«ያዘው» አለ።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ የአንደኛውን ጀሪካን ክዳን ፈታችና ገለበጠችው። ውሃው እየተንደቀደቀ በሣሩ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሁለተኛውን።

«አለቀ እንዴ? ገና እኮ ነው» አለች ጉንዳን።

«አለቀ፣ እናቴ። ነይ ጫማሽን ልፍታልሽ፤ ጭቃ ሆኗል።»

እንቁላሉንና ዳቦውን ሣሩ ላይ ተቀምጠው በሉ፤ ያለዚያ ልጅቷ ትጠይቃለች። ፊሽካም ተጋበዙ። እንቁላላቸውን ሲልጡ ቆይተው «ቆንጆ ምት ነበረች» አሉ ለጉንዳን። «እኔ ያየሁትን ልንገርሽ፤ እንደዚያ ያለች ምት ብዙ አላየሁም።»

«አመሰግናለሁ አባባ» አለች ልጅቷ። «እሱ ባይኖር ትገባ ነበር።»

ሽማግሌው የላጡትን እንቁላል ሳይቀምሱት ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ያዙት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጉንዳን ኳሷን በብብቷ ይዛ ቀድማ ትሄዳለች። ባልና ሚስት ከኋላ፣ እያንዳንዳቸው ባዶ ጀሪካን ይዘው። ጀሪካኖቹ በየእርምጃው ከጉልበታቸው ጋር ይጋጫሉ።

«ገብቷል እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎል ነበር።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አይቻለሁ።»

«ልነግራት ነው። አሁን።»

ሚስቱ ንገራትም አትንገራትም አላለችም። መንገዱን እያየች ሄደች። እሱ ጀሪካኑን እንደያዘ ሮጥ ሮጥ ብሎ ልጅቷ ላይ ደረሰ።

«ጉንዳን፣ ቆይ እስቲ። ያች የመጨረሻዋ ምትሽ ገብታለች። ጎል ናት።»

«አይ አባዬ፣ ይዟታል።»

«አልያዛትም። አይቻለሁ።»

«አንተ ወድቀህ ነበር እኮ፣ ከዚያ ሆነህ አይታይህም።» ኳሷን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች። «እኔ አይቻለሁ። በግራው በኩል ነው የጠበቀኝ፣ እኔ ወደ መሀል ስመታት ተመለሰ። በጣቱ ጫፍ ነው የነካት። ለዚህ ነው ቁጥቋጦው ውስጥ የገባችው፣ ባይነካትማ መጋዘኑ ጋ ነበር የምትደርሰው።»

መስታወት ቆራጩ ቆመ። ልጅቷም ቆመች። ይህን ሁሉ ዘመን እሷ ለጨዋታ ያህል የምትለው፣ እሱ ብቻ ከምሩ የያዘው ይመስለው ነበር።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለ። እያንዳንዷን ቃል ከጉድጓድ ውሃ እንደሚስብ ሰው እየጎተተ አወጣት። «አልነካትም። እዚያ ማንም አልነበረም። ወንድምሽ የለም።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ዞር ብላ እናቷን አየች። እናቷ ገና ራቅ ብላ እየመጣች ነው። ከዚያ የአባቷን እጅ ያዘች፤ እናቷ እሷ ሲያማት ግንባሯን እንደምትነካት በለሰለሰ እጅ ያዘችው።

«እሺ አባዬ» አለችው። «እሺ። አንተ እንዳልክ። ግን ሜዳው ላይ እንዲህ እንዳትል፤ እሱ ይሰማሃል።»

ሚስቱ ደርሳባቸው ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ሰማች። ባሏን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ የልጅቷን ሌላ እጅ ያዘችና ሦስቱም፣ ልጅቷን መሀል አድርገው፣ ከሩቅ ለሚያያቸው ደስ የሚል ቤተሰብ መስለው ወደ ቤት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ድምፅዋን በመስኮቱ ይሰማል። «አዎ… ነገ ጠዋት እንነሳለን… አይ፣ አልተጣላንም። እሱ አይመጣም… አይ፣ ደህና ነው። ደህና ነው አልኩሽ።» ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማው።

ተነሥቶ ሊወጣ፣ ሊለምናት አሰበ። ምን ብሎ? አንድ ዕድል ስጪኝ ሊል ነው? ሰጥታው ነበር። በዚያ ላይ አሁን ጉዳዩ በእሱ አፍ የሚወሰን አልሆነም። እሱ ጎል ቢልም ባይልም በረኛውን የምታየው ልጅቷ ናት፤ ከዚያ ሜዳ ርቃ፣ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቃቸው ልጆች መካከል ካልረሳችው በቀር የሚያስወጣው የለም። ሚስቱ ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ አንጀቱን በላው እንጂ አላጽናናውም።

ጉንዳን ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። በሁለት እጇ ሹራቦቿን ደርባ ታቅፋለች።

«አባዬ፣ እማዬ አክስቴ ጋ እንሄዳለን አለችኝ። አንተ ሥራ አለብህ አይደል?»

«አዎ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ቶሎ ትመጣለህ?»

መስታወት ቆራጩ ሹራቦቹን ተቀብሏት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና የላይኛውን ማጣጠፍ ጀመረ። እጅጌውን በእጅጌው ላይ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አገጣጠመ።

«ነገ አውቶቡስ ላይ» አላት፣ «በግራ በኩል ተቀመጡ። ጠዋት ፀሐይ በቀኝ ነው የምትመታው። ግራውን ከያዛችሁ እስከ ምሳ ድረስ ጥላ ነው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

«ለእናትሽም ንገሪያት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»